መዲና ያስቀረችው ብርዝ

ዛሬ ጓደኞቼ ቤቴ ስለሚመጡ ሎሚ ስጨምቅ፣ ሽታው አክስቴ ዘይነባ ለመዲና መሸኛ ብርዝ ወደበጠበጠችበት ቀን፣ ወደ ከሚሴ መለሰኝ።

መዲና አብሮ አደጌ ናት። በማግስቱ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስለነበር አራት ሆነን አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ሙቀቱ አይጣል ነው። አክስቴ ማሩን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ የማንጎ ጭማቂም ቀላቀለችበት፤ ከትኩስ ሳምቡሳ ጋር አቀረበችልን። ጣታችንን እየላስን ስንስቅ ዋልን። ስለ መንገዱ ማናችንም አላነሳንም።

መዲና የመጨረሻዋን ጉንጭ ልትጠጣ ስትል አክስቴ እጇን ያዘቻት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትጨርሺው። ትንሽ አስቀሪ። ስትመለሺ ትጨርሺዋለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

መዲና እየሳቀች ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እስከ ቤቷ ሸኝቻት ስመለስ ብርጭቆው እዚያው ነበር። ውኃ ጥም ይዞኝ ስለነበር አነሳሁና ጭልጥ አደረግሁት።

መዲና መደወል ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። አክስቴ በየኢዱ ትደውልና «ወሬዋን ሰማሽ ወይ?» ትለኛለች። ብርዙን ማን እንደጠጣው ግን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልነገርኳት።