እስከ በሩ ደርሶ መመለስ

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እህቴ አንድ የምዘና ቅጽ መሙላት ጀመረች። ቅጹ ሃያ ስድስት ጥያቄዎች አሉት። አሥራ ስድስቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላች፤ አሥራ ሰባተኛውን ክፍት ትታ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ስድስት ያለውን ጨረሰች። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ነገ 3፡00፣ ጎረቤታቸው ባለችበት» የሚል ማስታወሻ ጻፈች። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሷ በሕይወት አልነበረችም።

ቅጹ ያለው እኔ ዘንድ ነው። እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም ይህንኑ የሰነድ አያያዝ ነው። ከዚህ በታች ያሰፈርኩትን ከማህደር፣ ከባልደረቦቿና ከአንድ ጫማ ሰፊ አግኝቼዋለሁ። የቀረውን ራሴ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼም አልገባኝም።

መሥሪያ ቤታችን ሕመምተኞችን በየቤታቸው ያስታምማል። ቁስል የሚጠርግ፣ ገላ የሚያጥብና መድኃኒት የሚሰጥ አስታማሚ ማን ቤት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሄድ የሚወሰነው ግን በስልክ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ጠረጴዛ ያለበት ክፍል አለ። እህቴ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ነርስ ስለሆነች ታካሚው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ምግብ ራስዎ ይጎርሳሉ? ልብስዎን ማን ያለብስዎታል? መጸዳጃ ቤት ማን ያደርስዎታል? መልሱ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡ ቀን ይሆናል። መዛኝ ታካሚ ቤት መሄድ አይፈቀድለትም፤ አይቶ እንዳያዳላ ነው ይባላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአንድም ታካሚ ደጅ አልረገጠችም።

ችግሩ፣ ሰው ለማያውቀው ድምፅ «አቅቶኛል» ማለት ይከብደዋል። «ይራመዳሉ?» ሲባል ሁሉም «ምን አለብኝ» ይላል። ጥያቄ አሥራ ሰባት ደግሞ ይህችው ናት፦ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ድጋፍ ይራመዳሉ? እህቴ ለዚች ጥያቄ የራሷን ዘዴ ፈጠረች።

«አባቴ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ። እስከ በሩ ይሂዱ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኩና ተመልሰው ስልኩን ያንሱት።»

ከዚያ ሰዓቷን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። የሚጎተት እግር፣ የሚያዝ ወንበር፣ መሀል ላይ ቆሞ የሚተነፍስ ሰው፣ ሁሉንም ትለየዋለች። ከአርባ ሰከንድ በታች ደርሶ የተመለሰ ጠንካራ ነው። አንዲት እናት በራቸውን ከውስጥ ሲያንኳኩ ባላቸው ከጓዳ «ማነው? ግባ!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ስልኩን አንስተው «ሰማሽልኝ ሲስተር? አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት» አሏት። ይህን ወሬ ለሳምንት ስታወራው ሰነበተች። ክፍሉ ውስጥ ስሟ «አንኳኪዋ» ሆኖ ቀረ። አጠገቧ የሚቀመጠው ቀልደኛ ባልደረባዋ በየጠዋቱ ይተነኩሳታል።

«አንኳኪዋ፣ ዛሬስ የሚከፍትልሽ ተገኘ?»

«ከፋቹ መቼ ጠፋ፤ መግባት ነው የተከለከልኩት።»

መስከረም 20 ቀን ጡረታ የወጡ አንድ አናጢን መዘነች። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አስታማሚ በሳምንት ሦስት ቀን ይሄድላቸው ነበር። ስልኩን አስቀመጡ፤ እግር ሲንሸራተት ተሰማ፤ ጥርት ያሉ ሦስት ማንኳኳት ተከተሉ። ሠላሳ አንድ ሰከንድ።

«ጎበዝ አባቴ!»

«አናጢን በር ያቅተዋል እንዴ፣ ልጄ?»

ሦስቱ ቀን ወደ አንድ ወረደ።

ጥቅምት 11 ቀን አስታማሚው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። «ሲስተር፣ ሰውዬው አንድ እርምጃ አይራመዱም። ከመቀመጥና ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ቆስሏል። በሳምንት አንድ ቀን እያየሁት ይሰፋል እንጂ አይድንም።» ወዲያው ደወለች።

«አባቴ፣ በሩን አንኳኩተውልኝ አልነበረም እንዴ?»

«አንኳኩቻለሁ።»

«እንዴት ሄደው?»

«ጠረጴዛውን ነው ያንኳኳሁት። ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«ለምን አባቴ?»

«መራመድ ያቃተውን ወደ መጦሪያ ይወስዱታል አሉኝ። የዚህን ቤት በርና መስኮት በእጄ ነው የሠራሁት፤ የት ልሂድ? እግሬን ወለሉ ላይ እያሻሸሁ ቆየሁ። ስንት ሰከንድ እንደሚበቃ አላውቅም፤ በግምት ነው።»

«ግምትዎ የአናጢ ነው» አለቻቸው። ሳትቆጣ ነው ያለችው ይላል ባልደረባዋ። ከዘጋች በኋላ ግን ማዳመጫዋን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ምሳ ሰዓት አላወጣችውም።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባች።

«ቀጣዩ ምዘና በስድስት ወር ነው፤ ይህን ላንቺ ልንገርሽ?» አለቻት ኃላፊዋ።

«የሳቸው ጀርባ ስድስት ወር አይጠብቅም።»

«እሺ፣ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ተሳስቻለሁ ብዬ።»

«የኔ እህት፣ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ ካልሽ አሥራ አንድ ዓመት ያስንኳኳሽው በር ሁሉ ይጠየቃል።»

«ይጠየቃ።»

ደብዳቤዋን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስት መስመር ናት። «በመስከረም 20 የሞላሁት የጥያቄ አሥራ ሰባት መልስ ስህተት ነው። ስህተቱ የታካሚው ሳይሆን የእኔ ነው። ምዘናው እንደገና እንዲደረግ እጠይቃለሁ።» ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ፈጅቶ ፈቀደ። ምዘናውን ያው መዛኝ፣ በዚያው በስልክ ታድርገው፤ የተሟላው ቅጽ ሐሙስ ኅዳር 11 ለሚደረገው ስብሰባ ይድረስ፤ ካልደረሰ የመስከረሙ ውሳኔ እስከ መጋቢት ይጸናል።

በእነዚያ ሳምንታት እሷም እየደከመች ነበር። ታስል ነበር፤ ደረጃው መሀል ላይ ቆማ ቁልፍ የጠፋባት መስላ ቦርሳዋን ስትበረብር አይቻታለሁ። ዓርብ ዕለት ጉንፋን ነው ብላ ፈቃድ ወሰደች። እሑድ ኅዳር 7 ደወልኩላት።

«ድምፅሽ ደስ አላለኝም። ልምጣ?»

«ሁለት አውቶቡስ ቀይረህ ጉንፋን ልታይ?»

«እንግዲያው ስልኩን አስቀምጪና በርሽን አንኳኪልኝ» አልኳት፣ ለቀልድ።

ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ጋሼ ማህተም፣ በገዛ ጥያቄዬ!» ታላቋ ስለሆንኩ ጋሼ ትለኛለች፤ ማህተሙን ያከለችው ወረቀት ሁሉ ላይ ካልመታሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ስለሚመስላት ነው። ስልኩ ሲቀመጥ ሰማሁ። የነጠላ ጫማ መንሸራተት ተከተለ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ጥርት ያለ ነበር።

«ስንት ሰከንድ?» አለች ተመልሳ።

«ሃያ ስምንት።»

«አየህ? ለኔ አስታማሚ አይመደብም።»

እኔም አልሄድኩም።

ማክሰኞ ለምዘናው ቀጠሮ ስትል ሥራ ገባች። የአናጢውን ማህደር እንደ ልማዷ ወርዳ አልወሰደችም፤ ተላላኪዋን ላከች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በስልክ የተባባሉትን አጠገቧ የነበረው ባልደረባዋ ነግሮኛል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አናጢው፦

«በር አላንኳኳም ልጄ። ማታለል በቃኝ። አይችልም ብለሽ ጻፊው» አሏት።

«መስከረም ላይም የሰማሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ አባቴ። አሁን ያየ ሰው ይንገረኝ። ጎረቤትዎ አለች?»

«ሥራ ወጥታለች። ነገ ጠዋት ትኖራለች።»

ደንቡ የታካሚውን ቃል ይቀበላል። ምልክቷን አድርጋ ብትዘጋው ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን ሁለተኛ ላለመሳሳት ቆርጣለች፤ አንድ ቀን ደግሞ አላት። ክፍቱን ተወችው። የመጨረሻው ጥያቄ «ሌላ የሚቸግርዎት ነገር አለ?» ይላል። መልሱ በእጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ሰፍሯል፦ «የከዘራቸው ጎማ አልቋል፤ ከወንበር ወደ አልጋ ሲዞሩ ያንሸራትታቸዋል።»

ረቡዕ ጠዋት አከራይዋ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አገኘቻት። ሐኪሙ ልቧ ከታመመ ወራት ሳይሆነው አይቀርም አለ። ሬሳዋን ከወሰዱ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። በሩ ብረት ነው። ሃያ ጊዜ ገብቼ ወጥቼበታለሁ፤ ብረት መሆኑን አላጣሁትም። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ባዶ በርሜል የተመታ ይመስል ጮኸ። አልጋዋ አጠገብ የእንጨት ኮመዲኖ አለ፤ ስልኳ እዚያ ላይ ነበር። እሱንም አንኳኳሁት። እሑድ የሰማሁት እሱን ነው።

ቅጹን ሐሙስ ጠዋት ከጠረጴዛዋ አመጡልኝ። ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ነው። በሩን ዘግቼ ፊቴ ዘረጋሁት። የጎደለችው አንዲት ምልክት ናት፤ በትንሿ ሳጥን ውስጥ የምትገባ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረኝ። የእጇን አጣጣል አብረን ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አናጢው መራመድ እንደማይችሉም አውቅ ነበር፤ እውነቱን ነበር የምጽፈው። እስክሪብቶውን አነሳሁት። የሌላ ሰው ሰነድ ላይ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። መልሼ አስቀመጥኩትና ቅጹን እንዳለ ላክሁት። ከሰዓት በኋላ «ያልተሟላ» የሚል ማህተም ተመትቶበት ተመለሰ። ኃላፊዋ ሌላ መዛኝ እንዲቀጥለው ጠየቀች፤ የተፈቀደው ለእህቴ ብቻ ነው ተባለ። አናጢው ታኅሣሥ 22 ቀን አረፉ። ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። ማህደራቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ደረሰኝ አግኝቼ ነበር። የዕቃ መሸጫ ሱቅ ደረሰኝ ነው፤ ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ የከዘራ ጎማ፣ አንድ። የት እንዳደረሰችው ለማወቅ ወደ አናጢው ሕንጻ ሄድኩ። ደረጃው ሥር ጫማ የሚሰፋ ሰው ተቀምጧል። መልኳን ስነግረው ወዲያው አስታወሳት።

«መጣችና ሽቅብ አየችው፣ ደረጃውን» አለኝ። «ሁለት እርከን ወጥታ ቁጭ አለች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አባት ታውቃቸዋለህ ወይ አለችኝ። ሳላውቃቸው! ይህን የምቀመጥበትን ዱካ የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ውጪያ አልኳት። መግባት አይፈቀድልኝም፣ ደንብ ነው አለች። እኔ ግን ትንፋሿን አየሁት፤ ደንብ አልነበረም።»

ጫማ ሰፊው ጎማውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ላይ ወጣ። አናጢው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የተበላውን ጎማ አውልቆ አዲሱን ገጠመላቸው። «ማነው የላከው?» አሉት። «ከታች የተቀመጠች ሴት ናት» አላቸው። አናጢው ጥቂት አሰቡና ከዘራውን አንስተው ወለሉን ሦስት ጊዜ መቱት፣ ጠንከር አድርገው።

ጫማ ሰፊው ሲወርድ እህቴ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኛት።

«ልክክ ብሏል» አላት።

«ሰማሁት» አለች። የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ተነሳች፣ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፤ አሮጌውን ጎማ ከእጁ ተቀብላ በር ላይ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችውና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደች።