ያለ ማግ የተመታ ድር

ከቢሮዬ አጠገብ ያለው ክፍል እየታደሰ ነው። አናጢው መታ መታ ያደርግና ያርፋል፤ ባረፈ ቁጥር እኔም ደንገጥ ብዬ አዳምጣለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተምሬም ዝምታ ያስፈራኛል። ባልደረባዬ፣ ሰው በገበያ ላይ የሚደብቀውን ነገር ለምን ታጠኛለሽ ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? ያኔ የመለስኩልህ ከመጽሐፍ ነው። እውነቱ ያለው ሽሮ ሜዳ ነው።

አባቴ ሸማ ሠሪ ነበር። እግሩን ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ሲሠራ የመሥሪያው ምት እስከ መንገዱ ይሰማል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመታጠፊያው ላይ እሰማውና ልቤ ያርፋል። አንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ ተኛ። ክሩን የሰጠችን ነጋዴ ለመስቀል የታዘዘ ቀሚስ ትጠብቅ ነበር። መታመሙን ከሰማች ሥራውን ለሌላ ሠሪ መስጠቷ ነው፤ እኛ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ የቁስቋም ባሕር ዛፍ ሲሸት፣ ምቱን ከመታጠፊያው ላይ ሰማሁት። ዳነ ብዬ ሮጥኩ። ደጃፋችን ስደርስ ቆም አልኩ። ምቱ ይጣደፋል፤ የአባቴ አይደለም። ነጋዴዋ ጃንጥላዋን እያራገፈች ቆማለች።

«አባትሽ አለ?»

ደጁን ከለል አድርጌ ቆምኩ። እሷ ግን ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል አደረገችና፣ «በቃ፣ እየሠራ ነው፤ ሥራ አላስፈታውም» ብላ ቁልቁል ወረደች።

ስገባ እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ናት። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ እዚያ አትገባም። ማግ ሳታስገባ ባዶውን ድር ትመታለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። አባቴ ከተኛበት መጋረጃ ጀርባ አሳለውና፣

«ቀስ በይ እንጂ! እኔ እንዲህ ስቸኩል አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን ፍርሃቱ አለቀቀኝም።

እስኪሻለው ድረስ እንዲህ ልናዘልቀው አሰብን። እሷ ትመታለች፣ እሱ ከተኛበት ያርማታል፦ «አሁን እረፊ... አሁን ምቺ።»

የመስቀል ሰሞን ከመታጠፊያው ላይ ስደርስ ቁርጥ የአባቴን ምት ሰማሁ። አሁንስ በእርግጥ ተነሥቷል አልኩ። ስገባ ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው እናቴ ናት፤ የሚያርማት ድምፅ ግን የለም። መጋረጃውን ገልጬ እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

ዞር ስል እናቴ እያየችኝ ነበር። መሞቱን አውቃለች። እጇን ግን አላቆመችም።