በድምፅ ብልጫ የዘነበ ዝናብ

ወልደሰማያት ጂንካ ላይ የዝናብ ተመልካች ሆኖ የተቀጠረው በ1970 ዓ.ም. ነው። ሥራው በየጧቱ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ወደተተከለው የቆርቆሮ ዕቃ ሄዶ፣ የተጠራቀመውን ውኃ በመስታወት መለኪያ ቀድቶ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ቅጽ ላይ መሙላት ነበር። ለዚህ ሥራ ካፖርት ይለብሳል። የጂንካ አየር ካፖርት የሚያስለብስ አልነበረም፤ ግን የሳይንስ ሰው ያለ ካፖርት ማን ያምነዋል? ሜዳው ላይ የሚግጡት ላሞች በደንብ ያውቁት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ስብሰባ ላይ ሰው ሲጎድል ካልሆነ አያስታውሱትም።

በ1977 አስታወሱት። ቆላው ውስጥ የመንግሥት የጥጥ እርሻ ሊከፈት ነውና የሃያ ዓመት ዝናብ በሁለት ወር ውስጥ ተጣርቶ ይቅረብ የሚል ደብዳቤ ከላይ ወረደ። ከወልደሰማያት በፊት የነበረው ተመልካች የተወለትን መዝገብ ምስጥ በልቶታል። ከምስጥ የተረፈው ገጽ ላይ ደግሞ ሰውየው ስምንት ወር ሙሉ «እንደ ትናንቱ» እያለ ጽፏል። ወልደሰማያት ይህንኑ ለአውራጃው ካድሬ ለጓድ ተፈሪ አስረዳ። ጓድ ተፈሪ ቀና ሳይሉ ፈልግ አሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ከራሱ አውጥቶ ይገላገል ነበር። ወልደሰማያት ግን ክፉ አመል ነበረበት፤ የታዘዘውን ከምሩ ይወስዳል።

መጀመሪያ የሄደው እትዬ ኸዲጃ ሱቅ ነው። ባለቤታቸው በኤንትሬ መኪና ከአርባ ምንጭ ጨውና አቡጀዲ ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የዘጋባቸውን ዓመታት ያስታውሱ እንደሆነ እትዬ ኸዲጃን ጠየቃቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉ። «ሰባት ወልጄ አራቱን ስወልድ እሱ ወይጦ ማዶ ተቀምጦ ነበር። በመኪያ ጊዜማ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሲመጣ ስም ወጥቶላት ጠበቀችው።»

መኪያ የተወለደችው በ1961 ነው። ወልደሰማያት የአራቱን ልጆች ዓመትና አባትየው የታገዱበትን ቀን ሁሉ ጻፈ። እሱ መለካት ከጀመረ ወዲህ ወንዙ ሁለት ጊዜ መንገድ ዘግቶ ስለነበር፣ ያን ጊዜ በወረደው ዝናብ የድሮውን ገመተ።

ከዚያ ከከተማው በላይ ወዳለው የአሪ መንደር ወጥቶ ጋሽ ሶርሳን አገኘ። ጋሽ ሶርሳ ቀፏቸውን ቆላው አፋፍ ላይ የሚሰቅሉ ማር ቆራጭ ነበሩ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ንብ ካለ ዝናብ አለ፣ ንብ ከሄደ የለም አሉት። ከዚያ ከልጃቸው ሠርግ ወደ ኋላ በጣታቸው እየቆጠሩ ቀፎው ባዶ የሆነበትን ዓመት አንድ በአንድ ነገሩት። ወልደሰማያት ያችን አቀበት ሦስት ጊዜ ተመላለሰባት፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ። የእትዬ ኸዲጃና የጋሽ ሶርሳ ቃል ሲገጥም ቁጥር ጻፈ፤ ሳይገጥም የጥያቄ ምልክት አደረገ። በመጨረሻ ከሃያው ዓመት ስድስቱ የጥያቄ ምልክት ነበሩ። የተቀሩት ግን በግልጽ ይናገራሉ፤ ቆላው በየሦስት ዓመቱ አንዴ ይደርቃል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ኩራቱ ሰንጠረዡ እስከቀረበበት ስብሰባ ድረስ ቆየ። ጓድ ተፈሪ ሰንጠረዡን ሲያዩ ጣታቸውን የጥያቄ ምልክት ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም ማለት ነው፣ ጓድ።»

«አላውቅም የሚባል ሚሊሜትር የለም።»

ቀጥለውም ከአብዮቱ በፊት የነበረው ዝናብ ከአብዮቱ በኋላ ካለው እንዴት ሊበልጥ እንደቻለ ጠየቁ። ወልደሰማያት አጋጣሚ ነው ሊል ሞከረ፤ አጋጣሚ ግን በአጀንዳው ላይ አልነበረም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ማስተካከያ ይደረግ አለ፤ ወዲያው ድምፅ መስጠት ተጀመረ። የ1961 ዝናብ የፊውዳል ዝናብ ነውና በግማሽ ተቀነሰ። የ1968 በሙሉ ድምፅ ከፍ አለ። ስለ 1971 ብዙ ክርክር ተነሥቶ፣ ለሻይ ተወጥቶ፣ ከሻይ መልስ በሦስት ድምፅ ብልጫ ዘነበ። በጥያቄ ምልክቶቹ ቦታ ቁጥር ገባ። አንዱ 614 ሆኖ ሳለ ሙሉ ቁጥር አያምርም ስለተባለ 614.3 ተደረገ፤ ነጥብ ሦስቷን የጨመራት ራሱ ወልደሰማያት ነው። ሰንጠረዡ በአጠቃላይ ይጽደቅ ሲባልም እጁን አወጣ። ከዚያም ያችን እጅ እንደ ሰው ዕቃ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እርሻው በ1978 ተዘራ። ጥጡ በቀለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሰንጠረዡ ላይ የነበረው ዝናብ ሜዳው ላይ ሳይወርድ ቀረና ደረቀ። መርማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ተፈልጎ ጠፋ፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ፊርማ የወልደሰማያት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ከሣጥኑ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አውጥቶ አቀረበ። መርማሪው ምንጩ ምንድን ነው አለው። ወልደሰማያት የእትዬ ኸዲጃን ምጥና የጋሽ ሶርሳን ቀፎ ዘርዝሮ አስረዳ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ይሄኛው ቢያንስ ነጥብ አለው» አለና እጅ በማውጣት የጸደቀውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

ጓድ ተፈሪ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ተላኩ። ወልደሰማያት ለሥራው ዕድገት ተብሎ ከጂንካ ወዲያ ቆላ ውስጥ ወዳለች ሃና ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት እትዬ ኸዲጃን ሊሰናበት ገባ። የመኪያ ዝናብ መንግሥት ዘንድ ተጻፈ ወይ ብለው ጠየቁት። ተጽፏል አላቸው። በግማሽ መቀነሱን ለመናገር አፉ አልታዘዘለትም።

ሃና ላይ የዝናብ መለኪያ አልነበረም። በመጀመሪያው መኪና ይላካል ተባለ፤ መኪና ደግሞ ወደ ሃና የሚሄደው ሲቸግረው ነው። ወልደሰማያት ከእንግዲህ ያልለካውን ላይጽፍ ምሎ ስለነበር፣ በየቀኑ ቅጹ ላይ «መለኪያ የለም» ብሎ መሙላት ጀመረ። ጣራ በሌለው በረንዳ ላይ ዝናብ እየቀጠቀጠውና ቀለሙ እየፈሰሰ «መለኪያ የለም» ብሎ የጻፈባቸው ቀኖች ነበሩ። አራት ዓመት እንዲህ ጽፎ በየወሩ ላከ።

በሰኔ 1983፣ መንግሥት ከወደቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከመውደቁ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ሃና ደረሰው። ከክፍለ ሀገሩ ጣቢያዎች ሁሉ አንድም ቀን ሳያጓድል ሪፖርት የላከ እሱ ብቻ ስለሆነ ምስጋና ተሰጥቶታል። ማኅተሙ ደማቅ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አልነበረም። ወልደሰማያት ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈውና መለኪያ እንዲላክለት ሃያ ሦስተኛውን ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀመጠ። የአገሪቱ ስም ከላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የሚነግረው ሰው ስላላገኘ ያንን መስመር ክፍት ተወው።