በሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ

ያን ዓመት አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልም ነበር። ካዛንቺስ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ድራፍትማን ነበርኩ። ሌሎች ያሰቡትን ሕንፃ ወረቀት ላይ አሳምሬ እሥላለሁ፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ በቃ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሣልኩት አንዱም ቆሞ አላየሁም። በመስኮት ሳይ ከተማው ይቆፈራል፣ ይፈርሳል፣ ይገነባል። ጎተራ ኮንዶሚኒየሙ በየሳምንቱ ከፍ ይላል። ከኔ በቀር ሁሉም ሰው አንድ ነገር እያቆመ ይመስለኝ ነበር። ከሻይ ሰዓት በፊት ሦስት ጊዜ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ ኮሪደሩን ዞሬ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ።

ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜና እሑድ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የችግረኞችን ቤት እንደሚሠራ ሲነግረኝ፣ የት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ "እመጣለሁ" አልኩት።

ላንቻ ነበር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ታክሲ የማያስገባ ጠባብ መንገድ ላይ። የጭቃ ቤት ነው፣ የቀበሌ። የጀርባ ግድግዳው ወደ ውጭ አብጦ በሁለት እንጨት ተደግፏል። የሚኖሩበት አንዲት ዓይነ ስውር እናትና ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ የሆነች ልጃቸው ናቸው። እኛ ስምንት ነን፤ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ አብዛኞቻችን መዶሻ በወጉ መያዝ የማናውቅ። ሙያውን የሚያውቁት አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ብቻ ነበሩ። ቁጡ ናቸው። ድራፍትማን መሆኔን በሰሙበት ቀን "ኢንጂነር" የሚል ስም አወጡልኝ፣ ለማክበር ግን አልነበረም።

ክረምት ሳይገባ መጨረስ ነበረብን። እናትና ልጅ ጎረቤት ተጠግተው እኛ ቤቱን አፈረስነው። ያኔ ነው ነገሩን ያየሁት። በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ፣ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ቦዩ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ቤት የሚገባው በዚያ ነው። አንድ ወረቀት አወጣሁና በሩን ወደ ግቢው በኩል አዞርኩት። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ እጇን አጨበጨበች። አናጢውም ትንሽ አሰቡና "ያስኬዳል" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሣልኩት ነገር ሊቆም ነው! ያን ሳምንት ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም።

እናትየው በሠራንበት ቀን ሁሉ ይመጡ ነበር። አንድ ቅዳሜ መሰላል ላይ ሆኜ ማገር ስመታ ከሥር ቆመው፣ "ልጄ፣ በሩ የት ጋ ነው የሚሆነው?" አሉኝ።

"አያስቡ እማማ፣ ቆንጆ ቦታ ነው።"

በማግሥቱም ያንኑ ጠየቁኝ። ሰማዩ እየጠቆረ፣ ጭቃው እየጠበቀኝ ነበር። "ሲያልቅ ያዩታል እማማ" አልኳቸው።

አናጢው መዶሻቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። እማማ ግን ፈገግ ብለው "እሺ" አሉና እየዳሰሱ ሄዱ።

ቤቱ አለቀ። ሰዉ እልል አለ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እኛም ወደ ሌላ ቤት ተዛወርን። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሥራዬን አንዴ ልየው ብዬ፣ ብቻዬን ወደ ላንቻ ሄድኩ።

እማማ ቤት ውስጥ፣ ድሮ በሩ የነበረበት ግድግዳ ጋ ቆመዋል። ሁለት መዳፋቸው ያልደረቀው ምርጊት ላይ ነው። ግንባራቸው አብጧል።

"ምን ሆነው ነው እማማ?"

"አንተ ነህ? ምንም፣ ረስቼ ነው። በሩ ያለ መስሎኝ ስወጣ መታኝ።"

ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከገቡ ጀምሮ ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም። "ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ የወጣሁት በዚያ በር ነው" አሉኝ። "ከደፉ ስወርድ በቀኝ የጎረቤቴ አጥር አለ፣ እሱን በእጄ እየነካሁ ቦኖው ጋ እደርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ የሰውን ድምፅ እከተላለሁ። በዚህኛው ስወጣ ግን ሜዳ ነው። እጄ የሚይዘው የለውም። ቤቱ ግን ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። አይቀዘቅዝም።"

ምርቃቱ ነው የጎዳኝ። ቅዳሜ ሲደርስ በሩን ወደ ድሮ ቦታው ልመልስ ብዬ አናጢውን ይዤ ተመለስኩ።

"ገና ያልደረቀ ቤት አላፈርስም!" አሉ በመንገድ ላይ። "ቆይ፣ ስትሠራ አልጠየቅሃቸውም?"

"እሳቸው ጠይቀውኝ ነበር።"

"እና?"

"አልመለስኩላቸውም።"

ከዚያ በኋላ አናጢው ስለ ማፍረስ አልተከራከሩኝም።

የተከራከረችኝ ልጅቷ ናት። "አንተ እኮ መጥተህ ትሄዳለህ!" ብላ ጮኸችብኝ። "በሐምሌ ፍራሽ ተሸክማ የምታድረው ማን ሆነና? ጎርፉን በመጥረጊያ የማስወጣው እኔ ነኝ! አንድ ክረምት እንኳ ደርቀን ብናድር ምን አለበት?"

እውነቷን ነበር። እናቷ ከመደቡ ላይ፣ "ስለ እኔ ነው የምታወሩት፣ አይደል?" አሉ። "እኔን ግን እስካሁን አንድ ሰው አልጠየቀኝም። አንቺም ልጄ፣ ካፌ ስትውዪ እኔ እዚህ የት እንደምውል አልጠየቅሽኝም።"

ልጅቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ስትገልጠው ዓይኗ ቀልቷል። "ውሃ ከገባ ግን" አለችኝ፣ "አንተን ነው የምጠራህ።"

"ጥሪኝ" አልኳት።

በሁለት ቅዳሜና እሑድ የድሮውን በር መልሰን ከፈትን። ደፉን ከፍ አድርገን ሦስት ጥርብ ድንጋይ ለደረጃ አስቀመጥን፣ ቦዩንም ከቤቱ አራቅነው። የግቢውን በር ከታች ደፍነን መስኮት አደረግነው። በዚህኛው ጊዜ እማማ በርጩማ ይዘው አጠገባችን ተቀመጡ። አዲሱን ምርጊት በመዳፋቸው እየዳሰሱ "እዚህ ጋ ጎድጉዷል፣ እዚህ ጋ አብጧል" ሲሉ አናጢው መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ውሃ ልካቸውን አምጥተው ለኩ። እማማ ትክክል ነበሩ። አናጢው መሣሪያቸውን አስቀመጡና "በሉ፣ የቀረውን እርስዎ ያለስልሱት" አሉ። እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሰኑት። ሲጨርሱ ፀጉራቸው ድረስ ጭቃ ነበሩ፣ እየሳቁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። እኔ ደግሞ ባሰብኝ። ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር እርሳሴን አስቀምጬ መስኮት ጋ እቆማለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ ናት እላለሁ። አንድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አላስቻለኝም። ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ታክሲ የለም። በእስጢፋኖስ በኩል እየሮጥኩ ወረድኩ፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ።

መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ልጅቷ የካፌ ሽርጧን እንዳደረገች መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ቡናማው ውሃ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ደርሶ ወደ ቦዩ ይዞራል።

"ማን ጠራህ?" አለችኝ።

"ማንም።"

"ሦስተኛው ላይ ቢደርስ እጠራህ ነበር።" መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "ግባ በቃ፣ በረዶ ሆነሃል።"

እማማ ከውስጥ "ማነው?" አሉ። እሷም "ኢንጂነሩ ነው" አለቻቸው። ፎጣ ሰጡኝ። ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሦስታችንም የቆርቆሮውን ጩኸት ሰማን።

በዚያው መስከረም መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ከአንድ ግንበኛ ጋር መሥራት ጀመርኩ። እማማ ሰፈሩ በልማት እስኪነሣ ድረስ እዚያው ኖሩ። ሲፈርስ እኔ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ልጅቷ አሁን የራሷ ካፌ አላት፣ ደምበል አካባቢ። ስሄድ ማኪያቶ ታመጣልኝና ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እናቷ በቤቱ ምትክ የተሰጣቸውን ኮንዶሚኒየም አልወደዱትም አሉ፣ ደረጃው ያስተጋባል። ጎረቤቱን ሁሉ ግን በእግር ኮቴ ለይተዋል።