የአንድ ሰዓት መንገድ

ባምላኩ የሚኒባስ ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ ጋሽ ሰብስቤ መጡና ስለ እናቱ ጠየቁት። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሱቃቸው አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ፣ ከእሱ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት ነው። እናቱ ባሕር ዳር፣ እህቱ ዘንድ፣ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል።

ባምላኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የተለመደውን መለሰ። ከበዳቸው ካሉት ይሄዳል። የመኪናው መንገድ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደግሞም ይዘጋል፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ነው። ይህን ላገኘው ሰው ሁሉ ሲናገር ከርሟል። እሱ ተሳፍሮ አያውቅም። የነገረው ደንበኛው ደሜ ነው፤ ደሜም ከሰው ሰምቶ።

«አንድ ሰዓት ብቻ?» አሉ ሽማግሌው።

«አንድ ሰዓት። አየር ጤና በታክሲ ደርሶ እንደመመለስ ይበሉት።»

ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ማታ ወደ እህቱ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ልጇ ሃና ነበረች። አያቷ ደህና እንደሆኑ፣ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ነገረችው። ድምጿ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ነው አለች። አመናት።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ጋሽ ሰብስቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች። በዚያ ሰዓት እንዲያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። ባምላኩ ማንም ሳይናገር ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ።

«መቼ?» አለ።

«ትናንት ጠዋት። እህትህ ለእኛ ደወለች።»

«ትናንት ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«አውቅ ነበር።»

መርዶ ሰው በሥራው ላይ እያለ፣ በጠራራ ፀሐይ አይነገረውም። ሲነጋ፣ ቤቱ፣ ጎረቤት ከቦት ነው። ቀብሩ ለቀትር ተይዟል። የእድሩ ሰዎች ሲመክሩ አስልተውታል፦ ማለዳ ቢነገረው፣ አንድ ሰዓት ቢበር፣ ጊዜ ተርፎት ይደርሳል። ከመካከላቸው አውሮፕላን የተሳፈረ አልነበረም። ሰዓቱን የወሰዱት ከራሱ ከባምላኩ አፍ ነው።

ቦሌ ሲደርስ የጠዋቱ በረራ ሞልቷል። ወንበር የተገኘለት ከሰዓት በኋላ ለሚነሳው ነው። ቀትር ላይ እህቱ ደወለች። ካህናቱ ጥቂት እንጠብቃለን ብለዋል፤ የት ደረስክ አለችው።

«ቦሌ ነኝ» አላት።

 ስልኩን ስላልዘጋችው ልቅሶው ተሰማው፤ ከዚያ ሬሳው ይነሳ የሚል የወንድ ድምፅ።

መንገዱ በእርግጥ አንድ ሰዓት ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ጎደለው። ባምላኩ መቃብሩ ጋ ሲደርስ አፈሩ ተደልድሎ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ተመልሷል።

በዓመቱ የጋሽ ሰብስቤ ወንድም ጅማ ውስጥ ሞቱ። እድሩ መከረ፤ መርዶው በማግስቱ ንጋት ላይ ተነገረ። የሽማግሌውን በር ያንኳኳው ባምላኩ ነበር።