ቄስ ሀብተማርያም የዋጡት ደም

ቄስ ሀብተማርያም አፋቸው መፋቂያ ካየ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰነፍ ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ በጉና ተራራ ግርጌ ድንች ቆፍረው፣ ገብስ ዘርተው የሚያድሩ ብርቱ ካህን ናቸው። ነገሩ የመጣው በ1973 ዓ.ም. ጥርሳቸውን በፋቁ ቁጥር ድዳቸው መድማት ሲጀምር ነው። ሥርዓቱን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ደም የሚፈሰው ካህን በዚያ ቀን አይቀድስም። በአጥቢያቸው ሚካኤል ደግሞ ያሉት ካህናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ሽማግሌው አባ ወርቁ። አንዳቸው ከቀሩ ቅዳሴ ይታጎላል። ስለዚህ ቄሱ ካልነኩት አይደማም ብለው መፋቂያውን ጣሉት። ወይ ብልሃት!

ድዱ ግን ባሰበት። በቅዳሴ መሀል ምላሳቸው ላይ ጨው ጨው ሲል ልባቸው ድንግጥ ይላል፤ ቶሎ ብለው ይውጡታል። ምራቅ ይሁን ደም ለራሳቸውም ማመን ፈሩ።

በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ይነቃነቅ ጀመር። ቅቅል ድንች መንከስ ሲያቅታቸው ያየችው ባለቤታቸው ፈንታነሽ፣ «አንቱ፣ ሐኪም ቤት ካልሄዱ ለአባ ወርቁ እነግራለሁ» አለቻቸው።

«ለሳቸውማ እንዳትነግሪ!» አሉ። ይህ ከሕመሙ ይልቅ አስፈራቸው። ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ተቀብለው፣ በበቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ወረዱ።

የጥርስ ሐኪሟ ውብአለም በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት ናት። ትንሽ ፊልም ከምላሳቸው ሥር አስገብታ ራጅ አነሳቻቸው። ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ዳዊታቸውን ገልጠው አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ምንም አልገባቸውም። ያ ማሽን የዋጡትን ሁሉ አይቶባቸው ይሆን?

ውብአለም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «አባ፣ ይኸ ጥርስዎ ነው፤ ይኸ ደግሞ የያዘው አጥንት። አጥንቱ እስከ ጥርሱ አንገት መድረስ ነበረበት፤ አሁን ግን ወደ ታች ሸሽቷል። አፈሩ የተሸረሸረበት ችካል በሉት። ይህኛውንማ የያዘው ነገር የለም።»

«ይመለሳል፣ ልጄ?»

«የሄደው አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ይቻላል። መፋቂያ ይጠቀማሉ?»

ለማንም ያልነገሩትን ለእሷ ነገሯት።

«አባ፣ የደማው ስለነኩት አይደለም፤ ስለታመመ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቆሻሻው ከድዱ ሥር ተከማችቶ አጥንቱን አስበላው። ይህ አንዱ ይነቀላል፣ ሌሎቹ ይጸዳሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይደማል፤ ቢደማም መፋቂያውን እንዳይተዉ።»

የኅዳር ሚካኤል ሊደርስ የቀረው ስምንት ቀን ብቻ ነበር።

ጥርሱ ተነቅሎ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ። ይህን በዓል ብቻ ቀድሼ ከዚያ ለአባ ወርቁ ብነግራቸውስ? አንድ ጊዜ ብቻ? በቅሎዋ ግን ቤታቸውን አልፋ አባ ወርቁ ደጅ ስትደርስ አልመለሷትም። ገቡና ፊልሙን አውጥተው ሁሉንም ተናዘዙ።

አባ ወርቁ ፊልሙን ገልብጠው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት፣ አባቴ።»

«ምነው ሀብተማርያም! ብትነግረኝ ከታች ካለችው ማርያም ካህን እንዋስ አልነበረም?»

ቄሱ አለቀሱ። ያን ሁሉ ዘመን ያስጨነቃቸው ነገር መፍትሔው የአንድ ቀን መልእክት ነበር፤ አጥንታቸው ግን ሄዷል።

አባ ወርቁ ንስሐ ሰጧቸው፤ መልእክትም ላኩ። በበዓሉ ቀን የተዋሱት ካህን ሲቀድሱ ቄስ ሀብተማርያም ከውጭ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር ከሕዝቡ ጋር ቆመው «አሜን» አሉ። ምላሳቸው ላይ ጨው ጨው አለ። እንደ ልማዳቸው ሊውጡት ሲሉ ተዉት፤ ከቅጥሩ ወጣ ብለው፣ ሰው እያያቸው፣ ደሙን እንትፍ አሉት።