ቃለ ጉባኤ የተባለው ከረጢት

በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይቼ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተርና ስልሳ የሚሆኑ ዲስኮች ደረሱትና ዲስኮቹን ማደራጀት ለእኔ ተሰጠ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያኔ ያልጠየቀኝንም ሰው አስረዳ ነበር።

ኮምፒዩተሩ በራሱ አይነሣም። መጀመሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለበት ማስነሻ ዲስክ ይገባል፤ ቀጥሎ የሥራው ፕሮግራም። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ የማተሚያው ዲስክ ካልተጨመረለት ምንም አይሠራም። እኔም በየዓይነታቸው ለየኋቸው፦ ማስነሻዎቹን በአንድ ሣጥን፣ የጽሕፈቱን በሌላ፣ የማተሚያውን በሦስተኛ። ሣጥኖቹ ሲታዩ ያምሩ ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን አንዱን ዲስክ ይዞ ሌሎቹን ይረሳና "ተበላሽቷል" ብሎ ይሄዳል።

ክፍሉ ባዶውን ይውል ጀመር። ወሬው ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰና ደብዳቤ መጣ፤ ተቆጣጣሪ ይላካል፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ከተገኘ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በጣና ገዳማት ድጓ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሣጥኖቼን አይተው ሳቁ።

"ለማኅሌት ሲቆም ምን ምን ይያዛል?"

"ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ።"

"ታዲያ አንተ ከበሮውን ሁሉ አንድ ቤት፣ ጸናጽሉን ሁሉ ሌላ ቤት ቆልፈህ ካህኑን በየበሩ ታዞረዋለህ?"

"እንዴት ላድርግ፣ የኔታ?"

"በሥራው ሰብስበው። መጽሐፍ ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው፣ ስቀለው።"

ከአቡጀዲ ከረጢቶች አሰፋን፤ ዲስክ እንዳይታጠፍ በካርቶን አጠነከርናቸው። በእያንዳንዱ ከረጢት የማስነሻውን ቅጂ፣ ፕሮግራሙን፣ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ዲስክና መመሪያ ከተትሁ። መመሪያውን ሦስት ገጽ ጽፌው ነበር፤ የኔታ ወደ አራት መስመር አወረዱት። "ደብዳቤ"፣ "የፈተና ውጤት"፣ "የተማሪዎች ዝርዝር" ብለን በየሚስማሩ ሰቀልናቸው። በሳምንቱ ሰው ወረፋ ያዘ።

አንድ ዲስክ ግን ተረፈኝ። ፍሬ እየበላ የሚረዝም ትል ያለበት ጨዋታ ነው። መጣሉ አላስቻለኝም፤ እንደሌሎቹ ማስነሻና መመሪያ ጨምሬ ለብቻው ከረጢት አበጀሁለትና "ቃለ ጉባኤ" ብዬ ጻፍሁበት። በዚያ የስብሰባ ዘመን በገዛ ፈቃዱ ቃለ ጉባኤ የሚነካ ሰው አይኖርም ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪው መጣ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደብዳቤ አትማ አሳየችው፤ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ዞረ።

"የቃለ ጉባኤ አያያዛችሁን ልይ።"

"እሱ እንኳ ገና አላለቀም፣ ጓድ" አልሁ።

"ያለቀውን ያህል አያለሁ።"

ከረጢቱን ራሱ አወረደ። መመሪያዬን እያነበበ ዲስኮቹን አስገባ። መመሪያው ግልጽ ስለነበር የትም አልተሳሳተም። ትሉ ብቅ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ኮምፒዩተሩ ተጭኖ ሲሄድ ታየኝ፤ እኔም አብሬው። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩና ረጋ ብለው መለሱ።

"ስብሰባ ነው፣ ጓድ። እየበላ ይረዝማል።"

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ተቆጣጣሪው የኔታን ትክ ብሎ አያቸው፤ ከንፈሩን ነከሰ። ይህን ሲያደርግ ትሉ ከጨዋታው ግድግዳ ተጋጭቶ ሞተ።

"እንደገና የሚጀመረው በየትኛው ቁልፍ ነው?" አለ።

የምሳ ደወል እስኪደወል አልተነሣም። ከዚያ ብዕር ጠይቆ "ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ስለሆነ እዚሁ ይቆይ" ብሎ ጻፈ። የኔታ ቀለሙ ሳይደርቅ ማኅተም አሳረፉበት።